ወይዘሮዋ ባሕር ሲሻገሩ

ሰኞ ማታ

ለጠፍኳት። አለቀ። ወደኋላ ማለት የለም።

«ለሽያጭ የቀረበች ኮንትራባስ፤ የቫዮሊን ታላቅ እኅት። ስትቆም ከባለቤቷ ትረዝማለች፤ በዕድሜ ከባለቤቷ አባት ትበልጣለች። ስንጥቅ የላትም። ድምጿ ወፍራምና ንጹሕ ነው፤ ሲነኳት ቶሎ ትመልሳለች። ከነደጋኗ።»

ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶ አነሣኋት። አባዬ አምፖል ይዞ እየተከተለ አበራልኝ። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ እሷ መሀል ስትቆም እኛ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበረብን።

«ወይዘሮዋን የእውነት ልትሸጫቸው ነው?» አለኝ። ቤታችን ከገባችበት ቀን ጀምሮ ወይዘሮዋ ነው የሚላት፤ አንቱ እያለ።

«የእውነት ነው።»

«እንግዲያው የሚወስዳቸው ደግ ሰው ይሁን» ብሎ አምፖሉን አጠፋ።

ማስታወቂያውን ደጋግሜ አነበብኩት። የደስታ ነው። ሙዚቃ በቃኝ። ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ሁሉ ቀላል ቦርሳ አንግቤ የምሄድ ሴት ነኝ።

ማክሰኞ

ታምቡሯ ደወለች። በኦርኬስትራው ከበሮ የምትመታው ጓደኛዬ ናት፤ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራት።

«ማስታወቂያሽን ያላየ የለም» አለች። «ባለ ዱላው ራሱ አይቶታል።»

«ምን አለ?»

«ተይው።»

«ምን አለ ነው የምልሽ!»

«ከደጃፏ ሳትወጣ ትሰብራታለች አለ። ሳቁ።»

ይሳቁ። ሳረጅ እንዳልረሳው ግን የሆነውን እዚህ ላስፍረው።

ኦርኬስትራው ውስጥ አንድ የኮንትራባስ ወንበር ተለቀቀ። ማንነታችን እንዳይታወቅ ተወዳዳሪዎች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነን ተጫወትን። የተጠራነው በቁጥር ነበር። አራት ቁጥር አሸነፈ። አራት ቁጥር እኔ ነኝ። መጋረጃው ሲገለጥ ሴት መሆኔ ታየ። የኦርኬስትራው መሪ፣ በእጁ ባለችው በትር ባለ ዱላው የምንለው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ውጤቱ ይጣራል» አለ። ተጣራ። ወንበሩ ለልጁ ባል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰውየውን አማቹ ነው የምንለው።

በነጋታው ባለ ዱላው ኮሪደር ላይ አገኘኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። «አንቺ ልጅ፣ ችሎታሽ አያጠያይቅም» አለኝ። «ግን እኛ ተጓዦች ነን። ይህን የሚያህል ነገር ከከተማ ከተማ ማን ሊሸከምልሽ ነው?»

እኔ፣ በተማሪ ቤት መምህራን ጥያቄዬን ፈርተው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳ የሚያዞሩብኝ፣ በሁለት ዲግሪ የተመረቅሁት፣ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ።

እሺ!

ረቡዕ

ፈላጊ ተገኘ! ባሕር ማዶ ነው! ያውም ሴት ናት፤ የአንድ ኦርኬስትራ የኮንትራባስ ክፍል ኃላፊ። ሴት ኃላፊ! መልእክቷን በቃሌ ያዝኩት፦ «አንድ ባልደረባችን ጡረታ ሲወጣ የራሱን መሣሪያ ይዞ ሄዷል። ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው ከመፈለጋችን በፊት ለወንበሩ መሣሪያ እንፈልጋለን። አጭር ቅጂ ላኪልኝ፤ ድምጿን ልስማ።»

እየሮጥኩ ሄጄ ለአባዬ ነገርኩት።

«ባሕር ማዶ? በምን ይሄዳሉ?» አለ። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይጠይቅ?

ሐሙስ

አጭር ቅጂ ነበር ያለችው። የውድድሩን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩ። ከዚያ የታችኛው ድምጿ በደንብ ካልተሰማስ ብዬ ሌላ ጨመርኩ። ከዚያ ደግሞ ቀስ ያለውን። ሐቀኛ ሻጭ ዕቃውን ደብቆ አይሸጥም፤ ለዚያ ነው።

መልሷ ሳይውል ሳያድር መጣ። «ሰማኋት። እንወስዳታለን። የሚጫወተው ማን ነው?»

«ባለቤቷ ናት» ብዬ ጻፍኩ።

«እ።»

ይኸው። «እ» ብቻ። ማታ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ደጋኑ ለምን ከማስታወቂያው ላይ ጠፋ?»

ጠፍቷል፤ ማክሰኞ ነው ያጠፋሁት። ጭራው ሳስቷል። የሳሳ ነገር ለሰው መሸጥ ነውር ነው። ይህንኑ ጻፍኩላት።

«ገባኝ» አለች። ምን እንደገባት እንጃ።

ዓርብ

ገዢዋ አንድ ቅድመ ሁኔታ አላት። ሳጥኑ ሲከፈት አንዲት ስንጥቅ እንኳ ብትገኝ ሽያጩ ይፈርሳል፤ ወይዘሮዋም ትመለሳለች።

ይሄ ለእኔ የሽያጭ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተሰበረች ባለ ዱላው ልክ ነበር ማለት ነው። ሰው ሁሉ «እሱ ብሎ ነበር» ይላል። ደህና ከደረሰች ግን ያቺን «ማን ሊሸከምልሽ ነው» ያላትን ጥያቄ መልሻታለሁ፤ ባሕር አሻግሬ ነው የመለስኳት።

ችግሩ ወይዘሮዋ ስታዩዋት ዝሆን፣ ስትነኳት እንቁላል ናት። ሆዷ አየር ነው፤ ዙሪያዋን የያዘው እንጨት ከመጽሐፍ ሽፋን ብዙም አይወፍርም። አንገቷ ከወደ ትከሻዋ ነው የሚሰበረው፤ አንድ ጥሩ ግጭት ይበቃዋል። ሌላ ሰው የማያየው ደግሞ አለ። ሆዷ ውስጥ፣ ከክሮቹ ግርጌ፣ አውራ ጣት የምታህል ምሰሶ ቆማለች። ሙጫ አልነካትም፣ ሚስማር አልያዛትም። የክሮቹ ጭነት ከላይ ስለሚጫናት ብቻ ነው የቆመችው። ጭነቱ የተነሣ ዕለት ትወድቃለች፤ ድምጿም አብሮ ይሄዳል።

ሳጥን ያስፈልገኛል። ጥሩ ሳጥን።

ቅዳሜ

ሁለት አናጺ ጋ ሄድኩ። አንዱ «ቁም ሣጥን ነው የምሠራው» አለ። ሁለተኛው ፎቶዋን አይቶ ሳቀ። በመጨረሻ አባዬ «እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ድሮ ተሳፋሪዬ ነበር» ብሎ ስልኩን አነሣ። ድምጹን ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ ሁሉንም ሰማሁት።

«ለወይዘሮዋ ሳጥን ፈልገን ነበር» አለ አባዬ።

«ወይኔ ጋሼ! እግዜር ያጽናችሁ! መቼ ነው ያረፉት?»

«ኧረ አላረፉም። ሊሄዱ ነው እንጂ።»

«አይ… ሐኪም ቁርጡን ነግሯችኋላ። አይዟችሁ። ቁመታቸው?»

ስልኩን ነጠቅኩት። ሰውየው ለካ የሬሳ ሳጥን ሠሪ ነው!

ከሰዓት በኋላ ልኬት ሊወስድ መጣ። ወይዘሮዋን ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ። «ትከሻቸው ሰፊ ነው» አለ ሜትሩን እየዘረጋ። «ወገባቸው ግን! ጋሼ፣ ይህን ወገብ ይዘው እስካሁን የት ተደብቀው ነበር?» ራሱ ቀልዶ ራሱ ሳቀ። ጉራው አይጣል ነው፤ በከተማው የተከበረ ሰው ሁሉ በእሱ ሳጥን እንደሄደ ነገረን።

ፍላጎቴን አስረዳሁት። ሳጥኑ ትከሻዋንና ጎኗን ብቻ በስፖንጅ ይያዛት፤ አንገቷ በአየር ላይ ይንሳፈፍ፣ ምንም አይንካት። በአንድ በኩል ጎማ ይግባለት። ክዳኑ በብሎን ይታሰር፤ ሚስማር የሚባል ነገር አልፈልግም።

«ብሎን?» አለ፣ እንደተሰደበ ሁሉ። «እኔ በሚስማር ነው የምዘጋው። እስከዛሬ አንድም ደንበኛዬ አማርሮ አያውቅም።»

«ይቺኛዋ መውጣት አለባት።»

ጥቂት አሰበ። «ትውጣ እንግዲህ» አለ።

ማክሰኞ

ዝናቡ ጀመረ። እንጨት ውኃ ይጠጣል፣ ያብጣል። መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋሁ። አባዬ በላብ እየተጠመቀ ቴሌቪዥን ያያል።

የውድድሩን ክፍል ተጫወትኩ። እርጥበቱ ድምጿን ለውጦት እንደሆነ ለማረጋገጥ። አልለወጠውም። ደገምኩት።

ሐሙስ

ሳቄ እስካሁን አላቆመም። ሳጥኑ ዛሬ መጣ። ጥቁር ቀለም ቀብቶታል! «ሌላ ቀለም አልነበረኝም» አለ። በጭነት መኪናው ላይ ተጋድሞ ደጃፋችን ሲቆም የላይኛዋ ጎረቤታችን በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ልብሱን ወርውራ እየጮኸች ወረደች።

«ጋሼን! ጋሼን ነው? ትናንት ሰላም ብለውኝ! ምነው ሳልሰናበታቸው!»

አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች። አፌን ልከፍት ስል ይብስባታል። በዚህ መሀል አባዬ ጩኸቱን ሰምቶ በካልሲው ወጣ።

«ምንድነው? ማን ሞተ?»

ሴትዮዋ አየችው። ጮኸች። ይሄኛው ጩኸት ከመጀመሪያው ይብስ ነበር። «ጋሼ! አሉ እንዴ?»

«አለሁ እንጂ! የት ልሂድ?»

ሳጥን ሠሪው መኪናውን ተደግፎ ሆዱን ይዟል። በኋላ ጎረቤታችን በንዴት ወደ ላይ ስትወጣ «ደግሞ ለጊታር ይህን ያህል ሳጥን!» ስትል ሰማኋት። ጊታር! ወይዘሮዋ ብትሰማ ራሷን ትስት ነበር።

ቅዳሜ

ወደቀች።

እሑድ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ስፖንጅ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ወይዘሮዋ ግድግዳዋን ተደግፋለች፤ ክሮቿ ግን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንዘላዝለዋል። አራቱም! አነሣኋት፤ ከሆዷ ውስጥ ኳ አለ። ያ ድምጽ እንዴት እንደሚያስጠላ! ምሰሶዋ ወድቃ ትንከባለላለች።

አባዬ ከኩሽና ብቅ አለ፤ ፊቱ ላይ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ አለ።

«ትንሽ አላላሁላቸው» አለ።

«አባዬ! ምን አደረግክ!»

«ያን ሁሉ መንገድ እንደታነቁ ይሂዱ? ተሳፋሪ እንኳ መንገድ ሲረዝም ጫማውን ያወልቃል!»

ጮህኩበት። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት፤ እያየሁትም መጮኼን አላቆምኩም። ለባለ ዱላው እሺ ያልኩት ልጅ አምፖል ለያዘልኝ አባቴ ድምጽ አላጣሁም። አፈርኩ። ይቅርታ ስጠይቀው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፍሬን ሳላይ ነው የፈታሁት» አለኝ።

በከተማው ይህን የሚያውቅ አንድ ጠጋኝ አለ፤ እሱም የኦርኬስትራው ነው። ደወልኩለት። «ከእነሱ ጋር ጉዞ ልወጣ ነው፤ ስንመለስ እናያለን» አለ። ጭነቱ የሚነሣው ማክሰኞ! ያኔ ነው አባዬ ራሱን እየነቀነቀ «አክስትሽን ጥሪያት» ያለኝ።

አክስቴ የጥርስ ሐኪም ናት። «እብድ ናችሁ» አለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ቦርሳዋን ይዛ መጣች፤ መስታወቷን፣ ጉጠቷን፣ ግንባር ላይ የሚታሰረውን መብራቷን ሳይቀር። ወይዘሮዋን ምንጣፍ ላይ አስተኛናት። ሆዷ ላይ በግራና በቀኝ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሏት፤ መግቢያው በእነዚያ ነው።

«አፋቸው ጠባብ ነው» አለች አክስቴ ጎንበስ ብላ። «ወይዘሮ፣ ምንም አያምም። ሰፋ አድርገው ይክፈቱ።» ወዲያው ወደ እኔ ዞረች፦ «አንቺ ደግሞ ትንፋሽሽን ከአንገቴ ላይ አንሺልኝ።»

ምሰሶዋ ዕድሜ ልኳን የቆመችበት ቦታ ላይ ጥላ የመሰለ ምልክት ትታለች። በመስታወቱ አየነው። አክስቴ በጉጠቱ ትይዛታለች፣ ቀና ታደርጋታለች፤ እኔ ክሩን ቀስ ብዬ እወጥራለሁ። ኳ! ትወድቃለች። እንደገና። ኳ! አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጭኖቹ ስር አድርጓል፤ ምንም እንዳይነካ ራሱን መቅጣቱ ነው።

«ጥርስ ስነቅል ኖሬ ዛሬ መትከል ጀመርኩ» አለች አክስቴ። ሁላችንም ሳቅን። በሳቃችን መሀል ነው መሰል የቆመችው። ትንሽ ወጠርኩ። ቆመች። ጨመርኩ። ቆመች! አክስቴ መስታወቱን አስገብታ አየች፤ አወጣች። «በሉ ለሁለት ሰዓት ምንም ነገር እንዳይበሉ» አለች።

ብድግ ብዬ ጨፈርኩ። ከዚያ አቆምኳትና ለሙከራ ተጫወትኩ። ድምጿ እዚያው ነው! እንዲያውም ተኝቶ የነቃ ሰው ድምጽ ሆኗል። ወለሉ በእግሬ በኩል ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

«ሙከራው መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች አክስቴ ከብዙ ቆይታ በኋላ። «ያ ደጋን ደግሞ አብሯት አይሄድም እንዴ?»

«አይሄድም። ጭራው ሳስቷል።»

«ባለፈው ወር አይደል አዲስ ያስገባሽለት?»

«አክስቴ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

አባዬን አየችው። አባዬ ጣራውን አየ።

ሰኞ

ማሸግ። ስፖንጅ። ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት ግራና ቀኝ ጨርቅ። ክሮቹን ምሰሶዋ እንዳትወድቅ ጥቂት ብቻ አላላኋቸው፤ አባዬ ከሩቅ ያያል። አንገቷ አየር ላይ። ሳጥኑ ላይ ተለጣፊ ለጠፍኩ፦ ሳጥኑ ከተገለበጠ ወይም ክፉኛ ከተመታ ይቀላል። ገዢዋ ናት የመከረችኝ። ሳጥን ሠሪው ብሎኖቹን ራሱ ሊያስር መጣ፤ «ሥራዬን ሌላ ሰው አይዘጋውም» አለ። ሻይ ላፈላለት ገባሁ።

ከመዘጋቱ በፊት እጄን ሆዷ ላይ አሳርፌ ነበር። እንጨቱ ደርቆ እንደሆነ ለማየት።

ማክሰኞ

አደረግኩት! አደረግኩት!

የዕቃ መላኪያው ቢሮ ገና ሲከፈት ደረስን። ጸሐፊው ወረቀቱን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ እኔን አየ። «ጫኞቹ አልገቡም» አለ። «ይሄን እስከ ሚዛኑ ድረስ ማን ሊሸከምልሽ ነው?»

ቃል በቃል! እምላለሁ፣ የባለ ዱላው ጥያቄ ቃል በቃል!

«እኔ!» አልኩት። ጮኼ ነው መሰል፣ ከኋላ ያለው ተራ ጠባቂ ሁሉ ዞረ። አባዬ ሊያግዘኝ ሲራመድ በእጄ አቆምኩት። ሳጥኑን ወደ ጎማው ጎን አዘነበልኩ፤ ይህን ስንት ዓመት ሠርቼዋለሁ፣ ክብደቷ የት እንዳለ ከራሴ ክብደት በላይ አውቀዋለሁ። ትከሻዬን ሰጠሁት። ሳጥኑ ተነሣ። ዳገቱን ወጣን፣ በሩን አለፍን፣ ሚዛኑ ላይ ወጣን። ከወረፋው አንዱ «ኧረ ይቺ ሴትዮ!» አለ። ጸሐፊው ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው።

ስንመለስ አባዬ አውቶቡሱ ውስጥ «እኔ እንኳ እንደዚያ አድርጌ መሪ አልያዝኩም» አለኝ።

ዓርብ

ስልኬ ላይ «በጉዞ ላይ» ይላል። ትናንትም «በጉዞ ላይ»። ደጋግሜ እከፍተዋለሁ።

ሳሎኑ ሰፍቷል። ያስጠላል።

ሰኞ

ዝናብ። «በጉዞ ላይ።» መጥረጊያ እንጨት ላይ በጠመኔ አራት መስመር አሰመርኩና ጣቶቼን አለማመድኩ። የልማድ ነገር ነው፤ ድንገት ማቆም ለጅማት ጥሩ አይደለም ይላሉ።

ረቡዕ

ታምቡሯ ከኦርኬስትራው ጉዞ ላይ ደወለች፤ ሳቅ አላናግር ብሏታል።

«የአማቹ ኮንትራባስ አንገቷ ተቀነጠሰ! በጨርቅ ከረጢት ብቻ ነው የላኳት። ማን ተሸክሞለት መሰለሽ? ሁለት ጫኞች! እሱ ሻንጣውን እንኳ አልያዘም!»

ልስቅ ነበር። ግን ያ መሣሪያ ምን በደለ? «ትጠገናለች?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ!» አለችኝ። «ባለ ዱላው ስለ ሳጥንሽ እየጠየቀ ነው።»

ሐሙስ

ደርሳለች! ግን ተለጣፊው ቀልቷል። ገዢዋ ፎቶውን ላከችልኝ፤ እንደ ደም ቀልቷል። የሆነ ቦታ ጥለዋታል።

ከዚያ ሌላ መልእክት፦ «ብሎኖቹን ሁሉ ፈትተናል። ክዳኑ አይከፈትም።»

እንዴት አይከፈትም?

በረርኩ። ሳጥን ሠሪው ሱቁ ውስጥ ቀለም እየቀባ ነው።

«ሚስማር መተሃል?»

«እኔ? ኧረ በፍጹም!» ቡሩሹን አስቀመጠ። ጺሙን አከከ። «ሁለት ሦስት… ለጥንቃቄ ያህል።»

«ምን ብዬህ ነበር!»

«እጄ ነው! አንቺ ሻይ ልታፈዪ ገባሽ፣ ክዳን ፊቴ አለ፣ መዶሻ እጄ ላይ አለ። ክዳን ሳይመታ ዝም ብሎ መሄድ… ሰው እንደማዋረድ ሆነብኝ።»

ልመታው ነበር። ልስቅም ነበር። ስልኬን አፉ ላይ ደቀንኩለት፤ ሚስማሮቹ የትኞቹ ማዕዘኖች ላይ እንዳሉ በድምጹ ነገራቸው፣ እኔ ተርጉሜ ላክሁ። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ያላለቀ ሳጥን ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። «ምንም አትሆንም» ይላል። «የኔ ሳጥን የማንንም አጥንት ሰብሮ አያውቅም።»

ስልኬ ጮኸ። ጽሑፍ አልነበረም፤ ድምጽ ነው። ከፈትኩት።

የታችኛው ክር። አንድ ረጅም ድምጽ። የእሷ። ሌላ ማንም አይደለም፣ የእሷ! ሱቁ ውስጥ ያለው ጣውላ ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ሳጥን ሠሪው ኮፍያውን አወለቀ።

ወዲያው ጽሑፍ ተከተለ፦ «አንዲት ጭረት የላትም። ምሰሶዋ እንደቆመች ነው። ማን ነው ያቆማት?»

«የጥርስ ሐኪም» ብዬ ጻፍኩ። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ዓርብ

ገዢዋ ጻፈች። ሙሉውን ልገልብጠው፦

«ወንበሩ አሁን መሣሪያ አለው። ሰው ግን የለውም። ውድድሩ በሚመጣው ወር ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ ወለሉ ላይም ምንጣፍ እናነጥፋለን፣ የሴት ይሁን የወንድ ኮቴ እንዳይለይ። ዳኛ ስለሆንኩ ምንም ቃል አልገባልሽም። ድምጽሽን ስለማውቀው ደግሞ ያን ቀን ድምጽ አልሰጥም። ብትመጪ ግን መሣሪያ መሸከም አያስፈልግሽም፤ ቀድማሽ መጥታለች። ያን ጭራው ሳስቷል ያልሽውን ደጋን ብቻ ይዘሽ ነይ።»

ለአባዬ አነበብኩለት። ብድግ ብሎ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ከላይ፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ፣ ደጋኑን ከደበቅሁበት ቦታ አንዴም ሳይሳሳት አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ወይዘሮዋ ብቻቸውን ምን ይሠራሉ እዚያ?» አለ።

ሰኞ

ሻንጣዬን ስዘጋ ስልክ ጮኸ። ባለ ዱላው ራሱ ነው።

«አንቺ ልጅ! ስለ ሳጥንሽ ሰማን። አንዲት ጭረት ሳትነካት ነው የደረሰችው አሉ። ስሚኝማ፣ ሥራ አለልሽ። የመሣሪያ ጉዞ ኃላፊ! ወንበር እንኳ አይደለም፤ ግን ማሳሸግ፣ ማስጫን፣ መከታተል… በሄድንበት ሁሉ አብረሽን ትሄጃለሽ። መሣሪያችንን ሁሉ ካንቺ የተሻለ የሚያመላልስልን የለም። እሺ በይ።»

ይሄን ቀን ስንት ጊዜ በሕልሜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ረጅም ንግግር ነበር የማደርገው። አሁን ሳቄ ብቻ መጣ።

«አይ» አልኩት። «መንገደኛ ነኝ።»

«የት ነው መንገዱ? መሣሪያሽን ሸጠሽ የለም እንዴ?»

ደጋኔን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ፤ በሁለት ጣት የሚያዝ ነገር ነው።

«ዕቃዬ ቀድሞኝ ሄዷል» አልኩት።